የእማዬ ጥያቄ ከፎቶዬ ስር

እታለም፣ የእናቴ ልጅ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ያ የጥርስሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም እንደ ልማድሽ ሐኪሙን ፈርተሽ በቅርንፉድ እየሸነገልሽው ነው? ባለቤትሽስ ደህና ነው? የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው? ልጅሽ አድጋ ጫማሽን ማድረግ ጀመረች አሉ፤ እውነት ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ ይመስገን። ከአካል ወዲያ ያለውን አትጠይቂኝ፣ ራሴው እነግርሻለሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። እናንተ ቤት ያለው ስልክ የአንድ ሰው አይደለም። የምጽፈውን ሁሉ ልጅሽ ጮክ ብላ ለእማዬ ታነብላታለች። ይህ ደግሞ እማዬ ጆሮ መግባት የለበትም። ስለዚህ በምታስተምሪበት ትምህርት ቤት አድራሻ ልኬልሻለሁ፤ አንብበሽ ሆድ ይፍጀው በይ።

ማተሚያ ቤቱ መዘጋቱን ታውቂያለሽ። የሠርግ ጥሪውም ማስታወቂያውም ስልክ ውስጥ ገባና ወረቀት የሚያስቆርጥ ጠፋ። እኔ መቁረጫ ማሽን ላይ ያረጀሁ ሰው ሥራ ፍለጋ በየበሩ ብዞር፣ ዘበኛው ሁሉ “ቅጥር የለም” የሚለውን በቃሉ ይዞታል። የመከረኝ ከክፍሌ በታች የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሥራ ድሮም ዛሬም በሰው ነው፣ ሰው ደግሞ አሁን ያለው ስልክ ውስጥ ነው አለኝ። ጢሜን ላጭቶ፣ የራሱን ኮት አልብሶ፣ ፎቶ አነሳኝና እዚያ ማኅበራዊ ሚዲያ በሚሉት ላይ ገጽ ከፈተልኝ። ሙያህን ጻፍ ሲለኝ “በመቁረጫ ማሽን ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ” ብዬ ብጽፍ ሳቀብኝ። እንዲህ እያልክ እንኳን ሥራ ሚስትም አታገኝ ብሎ አጠፋውና የሠራሁባቸውን ማሽኖች በሙሉ ደረደረልኝ። ሳነበው ሰውየውን አላውቀውም፤ ብቻ ደስ ይል ነበር።

ከዚያ ሰው ማሰባሰብ ጀመርኩ። አብረውኝ የሠሩትን፣ አብረውኝ የተማሩትን፣ አንድ ቀን ሻይ ያጠጡኝን ሳይቀር ፈልጌ ወዳጅ አደረግሁ። ሥራ ፈላጊ መሆኔን ለጠፍሁ። አይዞህ የማይል አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኔ ሃምሳውን ሰው አግኝቻለሁ፤ ሎሚ የያዘ ነው የጠፋው። ለየብቻ የጻፍኩላቸው ደግሞ አንብበው ዝም ይላሉ። ማንበባቸው እኮ ይታያል፣ እታለም። በር እያንኳኳሽ፣ ድምፃቸውን ከውስጥ እየሰማሽ፣ ሳይከፍቱልሽ ሲቀሩ ማለት ነው።

አንዱ ግን ጨከን ብሎ ረዳኝ። ማተሚያ ቤታችን መጽሐፍ ይጠርዝ የነበረው፣ ሙጫው የምንለው፣ አሁን ካርቶን ፋብሪካ ገብቷል። ገጼን ለአለቃው አሳየልኝ። አለቃውም ሰኞ ጠዋት ና፣ እንነጋገር ብሎ በራሱ እጅ ጻፈልኝ። ደስታዬን ብቻዬን መያዝ አቅቶኝ ደወልኩላችሁ። እማዬ እልል ስትል አብረሻት ነበርሽ።

እማዬ በእልልታ አላበቃችም። ሰው ሁሉ ከፎቶዬ ስር ሲጽፍ እናቱ ዝም ልትል ነው? ልጅሽን አጠገቧ አስቀምጣ አጻፈቻት። “የኔ ጌታ፣ ኮት አምሮብሃል። ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ከባድ ዕቃ አታንሳ ብዬህ አልነበረም? ሰኞ ስትሄድ ሸክም አልችልም በላቸው፣ ምን ያሳፍራል።” ለእሷ በጆሮዬ እንደመናገር ነው፤ አገር እያነበበው መሆኑን ከየት ታውቃለች? ወገቤን ያመመኝ ያኔ ማተሚያ ቤት ወረቀት ሳወርድ ነበር፤ ከዳነም ቆይቷል። ለእናት ግን የልጅ ሕመም መቼ ይድናል።

ሰኞ ሄድኩ። አለቃው በክብር ተቀበለኝ። ማሽኑን አስነስቼ ቆረጥኩለት፣ ወደደው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አየት አደረገና፣ ወገብህስ እንዴት ነው አለኝ። ድኗል አልኩት። እናትህ ግን እንዲህ አላሉም ብሎ ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። እዚህ የሚቆርጠው ሰው ራሱ ነው የሚሸከመው፣ ነገ ብትጎዳ ተጠያቂው እኔ ነኝ አለኝ። ጎንበስ ቀና አልኩለት። የወረቀት እሽግ ብድግ አድርጌ አሳየሁት። ገበያ እንደወጣ በቅሎ ራሴን አስመረመርኩ። እንደውልልሃለን ብሎ ሸኘኝ። በማግስቱ ሌላ ሰው መግባቱን ሙጫው ጻፈልኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ተስፋ ቆርጫለሁ። አከራዬ ክፍሏን ለወንድሟ ልጅ ትፈልጋታለች፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የታገሠችኝ። ሥራ ለሌለው ሰው ደግሞ ማንም አያከራይም። ባዶ እጄን ተመልሼ እናንተ ላይ መውደቄ ነው። ጠዋት ስነሳ ስልኩን ማየት ያስፈራኛል፣ አለማየትም ያስፈራኛል። “አይዞህ” የምትለዋ ቃል እንኳ አሁን አሁን ታመኛለች።

ፀጉር አስተካካዩ የእናትህን ጽሑፍ አጥፋው፣ ሌላ ቀጣሪም ያየዋል አለኝ። ልክ ነው። ጣቴን አስጠግቼ ቆየሁ፣ እምቢ አለኝ። አይዞህ ካሉኝ ሰዎች ሁሉ መካከል ምን እንደሚያመኝ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። እዚያው ተውኩት።

አደራሽን፣ ሥራው በምን ምክንያት እንደቀረ ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ካወቀች ከእኔ ብሳ ትታመማለች፣ ዳግመኛም አትጽፍልኝም። ልጅሽንም አትቆጫት፤ የታዘዘችውን ነው የጻፈችው፣ አንድ ፊደል አልሳተችም። ግንባሯን ሳሚልኝ። ባለቤትሽ ስልክ የሥራ ፈት መጫወቻ ነው ይል አልነበር? ሥራ ፈትቼ ሞክሬዋለሁ፣ እውነቱን ነው በይልኝ። አክስታችንንም በሩቅ እጅ ነሺልኝ። ሰላምታዬን በስልክ የላክሁት አስመስለሽ አድርሺ፣ ደግሞ እንዳትያዢ።

የእማዬን ሰላምታ ግን ራሴው አደርሳለሁ። ጥያቄዋ ያለ መልስ እዚያው ከፎቶዬ ስር ተቀምጧል፤ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ልመልስላት አልደፈርኩም። ይህን ፖስታ እንዳሸግሁ “ድኗል እማዬ፣ አያመኝም” ብዬ እጽፍላታለሁ። አለቃው እንደሆነ አላመነኝም፤ እሷ እንኳ ትመነኝ።

ወንድምሽ
ከፀጉር አስተካካዩ ቤት በላይ ካለችው ክፍል
እሁድ ከሰዓት፣ ጥቅምት አጋማሽ