ዳንግላ፣ ወንዙ ዳር ያለው ቤት

ሰኞ

ረዳቱ «ቆሰበር ወራጅ!» ሲል ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። የእኔ ትኬት የሚለው እንጅባራ ነው፤ ልጄ ናትናኤል የምኖረው እዚያ ነው ብሎኛል። ቆሰበር የእንጅባራ የዱሮ ስም መሆኑን አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ የነገሩኝ ከተማውን ለቀን ከወጣን በኋላ ነው። የወረድኩት ዳንግላ።

ለናትናኤል ደወልኩ። ደነገጠ። ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ አለኝ። ከእንጅባራ ዳንግላ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ ነው፤ ልጄ ግን ያዘዝኩትን ሻይ ሳልጨርስ ደረሰ። ለሥራ መጥቼ ነበር አለ። የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፣ የትም ይዞራል፤ እሺ ይሁን። ወፍሯል። ሸሚዙ ተተኩሷል። ይህ ልጅ በዕድሜው ሸሚዝ ተኩሶ አያውቅም።

ከተማውን እንዲያሳየኝ ብለምነው አይሆንም አለ። ወንዙን ከሚኒባሱ መስኮት ብቻ አየሁት። እንጅባራ አልጋ ይዞልኛል። ቤቱ ለምን አልወሰደኝም? ከጓደኞቹ ጋር ስለሚኖር ይጠብባል አለ። ብርዱ ለአዳማ ሰው አይቻልም። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ

ዘንገና ሄድን። ክብ ሐይቅ፣ ዙሪያውን ደን። ከላይ ሆኜ ቁልቁል ሳየው ባለቤቴ ትዝ አለኝ። ካረፈ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው፤ ጥቁሬን ግን ገና አላወለቅሁም። «አባትህ ይህን ቢያይ» ስለው ናትናኤል ፊቱን አዞረ።

ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠራ። ሦስቴም ራቅ ብሎ አወራ።

ስንመለስ መንገዱ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሯል፣ የቀርከሃ ወንበር ይሸጣል። ለቤትህ አንድ ወንበር ልግዛልህ አልኩት። «ወንበር አለን» አለኝ።

አለን። ማንና ማን?

ረቡዕ

ዛሬ ደግሞ ጥርባ። ሌላ ሐይቅ። የትናንቱና የዛሬው ተምታቶብኛል። ልጄ ሐይቅ ያሳየኛል እንጂ ቤቱን አያሳየኝም።

ያልገባኝን ሁሉ ልጻፈው። የት ነው የሚያድረው? ሸሚዙን ማን ይተኩስለታል? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብሎ ይሮጣል፤ እዚሁ ከተማ ለሚኖር ሰው ሚኒባስ ምን ያደርግለታል? ሥራውን ለቆ ይሆን? ታሞ ይሆን? ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ነገ ሥራ አለኝ፣ አንቺ እረፊ ብሎኛል።

ሐሙስ

አላረፍኩም። ለአልጋ ቤቷ ባለቤት ዳንግላ ወንዙን ለማየት ልሄድ ነው ብዬ ሚኒባስ ገባሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ፣ ሰኞ ሻዬ ሳያልቅ ልጄ የደረሰው እዚያው ቢኖር ነው የሚል ጥርጣሬዬ ነው።

ዳንግላ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ፓምፕ የሚጠግን ናትናኤል የሚባል ታውቃለህ ወይ አልኩት ሾፌሩን። ትንሽ አሰበና «የእማማ ሙሉ አማች?» አለኝ። የእኔ ልጅ አላገባም አልኩት። ከአዳማ የመጣው ረጅሙ አይደለም እንዴ አለኝ። ነው። ሌላ ናትናኤል በሆነ እያልኩ ሄድኩ። ገበያውን አለፍን፣ ወደ ወንዙ ወረድን።

ወንዙ ዳር ቆርቆሮ ቤት። ገመዱ ላይ የልጄ የሥራ ቱታ ተሰጥቷል። አንዲት ወጣት ወጣች፤ ስሟ ውባለም ነው። የናትናኤል እናት ነኝ ስላት ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። እናቷ እማማ ሙሉ ከጓሮ እየሮጡ መጡ። እንደ እኔው ጥቁር ለብሰዋል። አቅፈውኝ፣ «እንኳን እግዜር ማረዎት» አሉኝ።

ከምኑ?

ያስረዳችኝ ውባለም ናት። በሠርጋቸው ዕለት እኔ አዳማ በጠና ታምሜ አልጋ ላይ ነበርኩ አሉ። አባቷም ያን ጊዜ ሊሞቱ ጥቂት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር፤ ልጄን ድሬ ልሙት ስላሉ ሠርጉ ተቻኮለ።

ወሩን ቆጠርኩ። ባለቤቴን በቀበርን በሦስተኛው ወር ነው። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሰው ሲያጽናናኝ፣ ልጄ እዚህ ሙሽራ ነበር።

አልታመምኩም ልል አፌን ከፈትኩ። ውባለም በስስት ታየኛለች። «ተመስገን፣ ተሻለኝ» አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

ናትናኤል ለምሳ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ውባለም አስታጠበችን። በላን።

ዓርብ

እዚያው አደርኩ። ጠዋት ከናትናኤል ጋር ድልድዩ ድረስ ሄድን። ያ በበዓል ፈረሰኞች የሚያልፉበት መንገድ ነው፣ ያ ገበያው ነው እያለ ከተማውን ሊያሳየኝ ጀመረ። አሁን! አቋረጥኩት። ለምን አልነገርከኝም?

«አልቅሰሽ ሳትጨርሺ እልል በይ ልበልሽ?» አለኝ።

ኋላስ? ኋላማ ቀን በጨመረ ቁጥር ከበደኝ አለ። እንጅባራ ያስቀመጠኝም የምነግርሽን ቃል እስካገኝ ብዬ ነው አለ። ጮህኩበት። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቀና ብለው እስኪያዩን ጮህኩ። ከዚያ ከፊቱ ቀድሜ በማላውቀው ቅያስ ገባሁ። መንገድ ጠፋኝ። እሱም በዚህ አይደለም ሳይል ከኋላዬ ተከተለኝ። ብዙ ዞርን።

ቅዳሜ

እማማ ሙሉ ገበያ ይዘውኝ ሄዱ። በአገውኛ ያስተዋውቁኛል፤ ምን እንደሚሉ አይገባኝም፤ ሰዉ ግን ሁሉ ይስመኛል። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፣ ቃል ይመርጣሉ። ስንመለስ ደከመንና ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ አረፍን።

«እህቴ፣ አልታመሙም ነበር» አሉኝ።

እንዴት አወቁ አልኳቸው።

«እናቱ የታመመችበት ልጅ ስልኩን ከእጁ አይለይም። እሱ ሠርጉ ዕለት አንዴም አልደወለም። አወቅሁ። ባለቤቴ ሊሞት ነበርና ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ የመጡ ቀን ምን እላለሁ እያልኩ ስፈራ ነው የኖርኩት።»

ሳልታመም ተሻለኝ ማለቴ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ከዚያ ሳቅ መጣብኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። ለባሎቻችን ይሁን ለልጆቻችን፣ አልለየንም።

ውባለም ግን አታውቅም። እማማ ሙሉ ይቅርባት ይላሉ። እኔ ከባሏ አፍ ትስማው እላለሁ። አልተስማማንም።

ከምሳ በኋላ ናትናኤል የአውቶቡስ ትኬት ልቁረጥልሽ ወይ አለኝ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ቆይ አልኩት። ሻንጣዬን ከእንጅባራ አምጣልኝ አልኩት። ይቅር ብዬው ይሁን ገና ልቆጣው፣ ለራሴም አልገባኝም። ሄዷል፤ ሻንጣውን ሊያመጣ።