የታምራት መኪና ትንፋሽ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

የታምራት መኪና ሞተር ለምን እንደሚጠፋ ዛሬ ታወቀ። ልጄ ታምራት ከሞተ ወዲህ የቴፒ መንገድ ላይ በድንገት ትጠፋለች፤ ትንሽ አርፋ ትነሳለች፤ ዳገት ላይ ደግሞ ቀጥ። "ባለቤቷን ፈልጋ ነው" ሲሉኝ አመንኩ። ነገ ልሸጣት ነበር።

መካኒኩ ደጀኔ ማጣሪያውንም ፓምፑንም ፈትሾ ምንም ሲያጣ ከእኔና ከሾፌሩ ከዘሪሁን ጋር ተሳፈረ። ዳገቱ ላይ ስትጠፋ ወርዶ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ክዳን ፈታ። አየር እያፏጨ ገባ።

"ይህን ክዳን በፌስታልና በጎማ ቁራጭ የጠፈረው ማነው?"

"እኔ ነኝ። ልጄን ከቀበርኩ በኋላ፣ ዝናብ እንዳይገባባት ብዬ።"

"እማማ፣ ከዝናብ አድነው ትንፋሽ ከለከሏት! ክዳኑ ላይ ባለው ቀዳዳ አየር ካልገባ ሞተሩ ነዳጅ መሳብ ያቅተዋል።" ወደ ሾፌሩ ዞረ። "አንተስ ዘሪሁን፣ እያየህ ዝም አልክ?"

"ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር መልሼ አስራለሁ። እናት ናቸው፣ ምን ልበላቸው?"

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ፌስታሉን ጥለን ቴፒ ደርሰን ተመለስን። አንዴም አልጠፋችም። ገዢውን "አልሸጣትም፣ ይቅርብህ" አልኩት።

ቤት ስገባ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የዘጋሁትን የታምራትን ክፍል መስኮት ከፈትኩት። ዝናቡ ትንሽ ይገባል። ይግባ።