ዳንቴል የለበሰው ማቀዝቀዣ

ሰኞ

ዛሬም ጠፋ። ፊልሙ ላይ ሰሚራ ገና ከመኪና ስትወርድ ስክሪኑ ድርግም አለ። የላፕቶፑን ሆድ ብነካው እጄን አቃጠለኝ። ሰሞኑን ልማዱ ይሄ ሆኗል። ፊልሙን አቀናብሬ ጨርሼ ኤክስፖርት ላድርገው፣ አንድ ፋይል አድርጌ ላወጣው ስል ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ ግማሽ ሳይደርስ ይጠፋል።

የታናሽ እህቴ የሰሚራ ሰርግ ነው። የቀረጽኩትም ያቀናበርኩትም እኔ ነኝ፤ ሙያዬ ስለሆነ ሌላ ሰው መጥራት ማንም አላሰበም። ሰርጉ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ አባ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ፋይሉን መክፈት አቅቶኝ ከረመ። አሁን ግን ዓረፋ ደረሰ። ሰው ሁሉ ከያለበት ቡታጅራ ይገባል። ያለ አባ የመጀመሪያው ዓረፋችን ነው። እማ በስልክ «ምንም ገዝተሽ እንዳትመጪ» አለችኝ። «አባትሽን ይዘሽልኝ ነይ።» ፊልሙ ውስጥ ያለውን ማለቷ ነው።

ቅዳሜ መሄድ አለብኝ። ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ?

የተከራየሁት ክፍል ኮርኒስ የለውም። የወልቂጤ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲመታው ከሰዓት በኋላ እኔም ላፕቶፑም አብረን እንግላለን። እውነቱን ልጻፍና የፋኑን ጩኸት አልጠላውም። በዚህ ቤት ከኔ ሌላ ድምፅ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

የሞከርኩት፦
ከሥሩ መጽሐፍ ደረደርኩለት። ትንሽ ቆየ፣ ጠፋ።
መስኮት ከፈትኩ። የመንገዱ አቧራ ገባ።
ጠረጴዛውን ከፀሐዩ ግድግዳ አራቅኩት። ይሄ ይሻላል፣ ግን አይበቃም።
እርጥብ ፎጣ አስቤ ፈራሁ።

አከራዬ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ከጓሮ የኮባ ቅጠል ቆርጠው መጡ። «ቅቤ የሚያቀዘቅዝ ኮባ ይሄን ያቅተዋል?» አሉ። ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው! ቅጠሉ እርጥብ ነው ብዬ መለስኩላቸው እንጂ ለማስቀመጥስ ተዘጋጅተው ነበር።

ማታ ሰሚራ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ዘይነባ፣ ደረሰ?» አለችኝ። «እየደረሰ ነው» አልኳት። ውሸት።

ረቡዕ

ላፕቶፔን አቅፌ የኮምፒውተር ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ሁለት ዓይነት ኩሊንግ ፓድ፣ ከላፕቶፕ ሥር የሚቀመጥ ማቀዝቀዣ፣ አወጣ። አንደኛው ብዙ ትንንሽ ፋን አለው፣ ሰማያዊ መብራት ይተፋል። ሌላው ጥቁር ወንፊት ነው፤ መሀሉ ላይ አንድ ሰፊ ፋን ብቻ።

«እህቴ፣ ባለመብራቱን ውሰጂ። ጌም የሚጫወቱት ሁሉ እሱን ነው።»
«እኔ ሰርግ ነው የምሠራው» አልኩት።
«ለሰርግማ መብራት ያስፈልጋል!»

ላፕቶፑን ገለበጥኩት። አየር የሚስብባቸው ቀዳዳዎች መሀሉ ላይ ናቸው። የባለመብራቱ ፋኖች ጥግ ጥጉን፣ ምንም ቀዳዳ የሌለውን ፕላስቲክ ነው የሚያናፍሱት። ሁለቱንም አሰክቼ ሶፍት ያዝኩባቸው። በባለመብራቱ ላይ ሶፍቱ ዝም አለ። በጥቁሩ ላይ ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ። ጥቁሩን ገዛሁ። ሻጩ አኮረፈ።

ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ። ከዚያ ለማን ላሳይ? ዕቃ በገዛሁ ቁጥር አባ ሳያየው ነበር «አታለሉሽ» የሚለኝ። ያኔ እበሽቅ ነበር። ዛሬ አታለሉሽ የሚለኝም አጣሁ። አልቅሼ ተኛሁ።

ሐሙስ

በአዲሱ ማቀዝቀዣ ላይም ጠፋ! ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። አመመኝ።

ወደ ውጭ ልወረውረው ላፕቶፑን ሳነሳ አብሮ የተነሳ ነገር አየሁ። ዳንቴል። እዚህ ቤት የገባሁ ቀን እትዬ አስካለ በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ሰጥተውኝ ነበር። በኛ ቤት ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ሬዲዮኑም ይለብሳል። ላፕቶፔም እስከዛሬ፣ መጽሐፍ ስደረድርለትም ጭምር፣ ዳንቴሉ ላይ ነው የኖረው። ትናንት ማታ ደግሞ ምንም ሳላስብ አዲሱን ማቀዝቀዣ አለበስኩት፣ «አማረበት» ብዬ ላፕቶፑን ከላይ አስቀመጥኩ። ያን ያህል መርጬ የገዛሁት ፋን ሌሊቱን ዳንቴል ሲያናፍስ አደረ ማለት ነው። የላፕቶፑ ቀዳዳዎች ደግሞ፣ ትናንት ሱቅ ውስጥ ልብ አላልኩትም እንጂ፣ ውስጥ ውስጡን በነጭ ብናኝ ክር ተደፍነዋል።

እትዬ አስካለ በጩኸቴ መጡ።
«ውይ በሞትኩት! እኔ ነኛ ያፈንኩት!»
«ያለበስኩት እኔ ነኝ እትዬ።»
«የሰጠሁሽ ግን እኔ!»

የዳንቴል መንጠቋቸውን አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ባትሪውን ነቅዬ፣ ክዳኑን ፈትቼ በአዲስ ጥርስ ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ እሳቸው በመንጠቆው ክሩን እየሳቡ ያወጣሉ። ልጆቻቸው ለመስቀል ብቻ እንደሚመጡ ነገሩኝ። «ከዚያ መስቀል እስከዚህ መስቀል ዳንቴል እሠራለሁ። ምን ላድርግ?» አሉ። ግድግዳ ለግድግዳ ተጋርተን ይሄን ሁሉ ጊዜ ቡና እንኳ አብረን አልጠጣንም። አፈርኩ።

ገጥመን ስንጨርስ መብራት ሄደ። አንድ ቀን ብቻ ቀረኝ።

ዓርብ

ፀሐይ ሳይከር ተነሳሁ። መብራት አለ። ማቀዝቀዣው ራቁቱን፣ ላፕቶፑ ከላይ። ኤክስፖርቱን ከመጀመሬ በፊት ይሞቅ እንደሆነ ልየው ብዬ ያልተቆረጠውን ቀረጻ ከፈትኩ። ፋኑ አልጮኸም። ቤቱ ጭር አለ፤ እንዲህ ጭር ብሎ አያውቅም። ትንሽ ፈራሁ።

የሽማግሌዎቹ ምሳ ነበር። እዚህ ቦታ ላይ ድምፁን ዘግቼ ዘፈን ነው ያስገባሁበት፤ የሳህን ኳኳታና ወሬ ብቻ ነው ብዬ። ዛሬ ድምፁን ከፈትኩት። አባ ወደ ካሜራው አያይም። ወደ አጎቴ ጎንበስ ብሎ፣ በቋንቋችን፣ ቀስ ብሎ፦

«ዘይነባን ማን አበላት? ከጠዋት ጀምራ ሰውን ሁሉ ስታነሳ ነው የዋለችው። የሷን ለብቻ አስቀምጡላት።»

መልሼ ሰማሁት። ደግሜ መለስኩት። በዚያ ፊልም ውስጥ እኔ የትም የለሁም፤ ካሜራ የያዘ ሰው አይታይም። እሱ ግን አይቶኛል።

ዘፈኑን አጠፋሁት። ሳህኑም ይንኳኳ፣ ወሬውም ይሰማ። ኤክስፖርት አልኩት። እጄን በላፕቶፑ ጎን ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ለብ አለ እንጂ አልጋለም። ግማሹን አለፈ። ደረሰ።

ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። ነገ በጠዋት መናኸሪያ። እማ ድምፁን ስትሰማ ምን እንደምትሆን አላውቅም፣ እፈራለሁ። እኔ ግን ዛሬ ለራሴ ምሳ ሠርቼ፣ ቁጭ ብዬ በላሁ።