መንገድ ላይ ያልነበረው ውሻ

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

ዛሬ ሰማንያ ሁለት ሞላኝ። የቢራ ሳጥን አሁንም ራሴ አነሳለሁ። ድሮ ሁለት ነበር፣ አሁን አንድ። ጢሜን በምላጭ እላጫለሁ፣ አልቆረጥም። ምግቤን አበስላለሁ። የወንድሜ ልጅ ላይል ካላየኝ መሰላል እወጣለሁ። መጠጥ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ከመንገዱ ማዶ የቆመ መኪና ሰሌዳ ያለ መነጽር አነባለሁ። የከለከሉኝ መንዳት ብቻ ነው። ጉልበትህ ፍሬን ላይ ይዘገያል አሉ... ይሁን። ዓይኔን ግን ምንም አላሉትም።

ሚስቴ ኤልሚር ማታ ማታ ትጽፍ ነበር። ዝናቡን፣ ሽያጩን፣ የሞተውን ሰው። እሷ ከሄደች ወዲህ እኔ እጽፋለሁ። ከሦስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ ፊደሌ ትልልቅ ነው። የሚያነበው የለም።

የበረዶ ቤቱ ሾፌር ሎክ በረዶ አመጣ። ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል።

"ሚስተር ኦቪድ፣ ስንት ሞላዎት?"

"ሰማንያ ሁለት።"

"ታዲያ ሳይበላሹ የቆዩት የኔን በረዶ ስለሚጠቀሙ ነው።"

ሲቀልድ አይስቅም። ከረጢቱን ራሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደርድሮ ነው የሚሄደው። ሌሎቹ በር ላይ ጥለው ይሄዳሉ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ሚስ ጆርጀት መጣች፣ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ። ዋና ከተማችን ባተን ሩዥ ያሉት ሕግ አውጪዎች አዲስ ረቂቅ ይዘዋል። የቁማር ማሽን ከትንንሽ መጠጥ ቤቶች ይውጣ፣ የጭነት መኪኖች ማደያ ውስጥ ብቻ ይቅር የሚል። እኔ ጋ ሦስት አሉ። መብራትም ኪራይም የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ቢራ ብቻ ሸጦ ማን ኖረ?

ኮሚቴው ፊት ቀርበው ይናገሩ ትላለች።

"ሽማግሌ ነዎት፣ ሚስትዎ ሞታለች፣ ዕድሜዎን እዚህ ቆመው ጨርሰዋል። ሲያዩዎት ያዝናሉ።"

"እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም።"

"እንግዲያው የምጽፍልዎትን ወረቀት አንብበው ዝም ብለው ይታዩ።"

ቨርሊ መሃለኛው ማሽን ላይ ነበረች፣ ጀርባዋን ሰጥታን። "እሱ? ዝም?" አለች። ዞር እንኳ አላለችም።

ቨርሊ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጣች። ጡረታዋን ለዚያ ማሽን ታጎርሳለች። ድሮ ከኋላ ክፍል ካርታ ነበር። ያኔ የተበላ ሰው የበላውን ሰው ፊት ያያል፣ ይሰድበዋል፣ ይወጣለታል። እሷ አሁን የማንን ፊት ታያለች?... ግን መብራቱን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። እሄዳለሁ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ላይል ጉልበቴን ለሐኪም አሳይቶልኝ በፒካፑ ስንመለስ የሸንኮራ አገዳው እርሻ መንገድ ላይ ድንገት ፍሬን ያዘ። ከኋላ የበረዶው መኪና ነበር። ሎክ። ገጨን። ገጨን ከተባለ... ኮፍያዬ እንኳ ከራሴ አልወደቀም።

ሎክ ሮጦ መጣ፣ ፊቱ ገርጥቶ። "ሚስተር ኦቪድ፣ ደህና ነዎት?"

ደህና ነኝ ልል ስል ላይል ክንዴን ያዘ። "አጎቴ፣ አትንቀሳቀስ። አንገትህን አታዙር።" ከዚያ ወደ ሎክ፣ "ውሻ ገባብኝ። ውሻ ነው።"

ፖሊስ መጣ፣ ጻፈ፣ ሄደ።

ውሻ አይቻለሁ? አላየሁም። አገዳው ገና ጉልበት አይደርስም። ውሻ ቢኖር ከነጆሮው ይታያል።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ላይል ጠበቃ ጋ ወሰደኝ። አውራ ጎዳናው ዳር የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፊቱ ያለው ሰውዬ። በአካል ሲታይ አጭር ነው። ያመዎታል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። የት የት እንደሚያመኝ ነገረኝ።

የአንገት ድጋፍ ሰጡኝ። ነጭ፣ ወፍራም፣ አገጭ ድረስ የሚመጣ። ከቤት ሲወጡ እንዳያወልቁ፣ ኢንሹራንሶቹ ካሜራ የያዘ ሰው ይልካሉ አለ። የካሳው ጥያቄ ላይ ይፈርሙ አለኝ። ፈረምኩ።

ለምን ፈረምኩ? የላይልን ጣሪያ አይቼ ነው። አውሎ ነፋሱ ከነቀለው ወዲህ ሰማያዊ ሸራ ነው ያለው። በዘነበ ቁጥር ባልዲ ይደረድራሉ። ድምፁ ስልክ ውስጥ ይሰማኛል፣ ጠብ... ጠብ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

በረዶ ያመጣው ሌላ ሰው ነው። ወጣት። በር ላይ ጣለው።

"ሎክ የት ሄደ?"

"አባረሩት። ተጠግተህ ነድተሃል ብለው። የአንድ ሽማግሌ አንገት ሰብሮ..."

ከዚያ አንገቴን አየ።  ከረጢቱን አንስቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከተተልኝ፣ ቀስ ብሎ፣ የታመመ ሰው ቤት እንደገባ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ስቅለት። ላይል ቤት ክሬይፊሽ ተቀቀለ፣ ያ ባለ ቅርፊቱ የረግረግ ፍጥረት። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ቅርፊቱን ይፈለቅቃል። እኔ ይሄን ነገር አንገቴ ላይ አድርጌ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። ጣሪያ ማለት ሸራ። ላይል እየፈለቀቀ አጎረሰኝ፣ እንደ ሕፃን። ሁለት ከጎረስኩ በኋላ ጠገብኩ አልኩ። አልጠገብኩም።

ውጭ ብቻችንን ስንቀር ጠየቅኩት።

"ውሻው ምን ዓይነት ነበር?"

"ምን?"

"ቀለሙ።"

"ቡኒ። ጥቁርም ነበረበት... አጎቴ፣ ምን አስበህ ነው?"

"ምንም። ውሻ እወዳለሁ።"

 ቀስ ብሎ ተናገረ። "ኢንሹራንሶቹን ሃያ ዓመት ከፈልኳቸው። አንድ ወር አላሳለፍኩም። ጣሪያው ሲሄድ ነፋስ ሳይሆን ውሃ ነው ያበላሸው፣ አንከፍልም አሉኝ። ሸራውን እንኳ የገዛሁት በራሴ ነው። አሁን ትንሽ ብወስድ ከማን ወሰድኩ?"

 እውነቱን ነው።

"ሎክ ግን ጣሪያህን አልነቀለም" አልኩት።

"ሎክ ሥራ ያገኛል።"

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

ሚስ ጆርጀት የምናገረውን ጽፋ አመጣች። አንድ ገጽ፣ ትልልቅ ፊደል። ቤት ውስጥ ድጋፉን አውልቄ ብዙ ጊዜ አነበብኩት። "ማኅበረሰብ" የሚለው ያስቸግረኛል። ጣቴን ከሥሩ ካደረግሁ እደርስበታለሁ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 30

ላይል በጠዋት ባተን ሩዥ ወሰደኝ። ሳንወርድ ድጋፉን ራሱ አጠበቀልኝ። "አጎቴ፣ ዛሬ በቪዲዮ ይተላለፋል። እንዳትረሳ።"

አዳራሹ ይበርዳል። ሚስ ጆርጀት ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችን። የኛ ረቂቅ ሁለተኛ ነው። አንደኛው ምንድነው? ሆን ብሎ መኪና አስገጭቶ ከኢንሹራንስ ካሳ የሚወስድ ሰው ላይ እስራቱ ይክበድ የሚል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ላይልም አላወቀም፣ ጫማውን ሲያይ ነው የቆየው።

አንድ መርማሪ ቪዲዮ አሳየ። ባዶ መንገድ፣ መኪና ድንገት ፍሬን ይይዛል፣ ከኋላ ያለው ይገጨዋል። "ሁልጊዜ የሆነ ነገር ገባብኝ ይላሉ" አለ መርማሪው። "ድመት፣ ሚዳቋ። ብዙውን ጊዜ ውሻ ነው።" ሰው ሳቀ።

አንዱ የምክር ቤት አባል ብዙ ካወራ በኋላ በእጁ ወደኔ አመለከተ። "ሕጉ የሚጠብቀው እኚህን አባት ነው" አለ። "በእውነት የተጎዳ ሰው በአጭበርባሪዎች ምክንያት ካሳውን እንዳያጣ።" ሁሉም አየኝ። አንገቴን ማዞር አልችልም፣ የት ልሂድ? ፊት ለፊት አየሁ። ያ ረቂቅ ያለ ተቃውሞ አለፈ።

ከዚያ ስሜ ተጠራ። ሰብሳቢዋ ደግ ሴት ናት። "አባት፣ በዚህ ሁኔታዎ ስለመጡልን እናመሰግናለን" አለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ። አይታይም። አገጬ ተቀስሯል፣ የሚታየኝ የሰዎቹ ግንባር ነው። ወረቀቱን አነሳሁት፣ ሁለት እጄን ስለያዘ ጣቴን ከሥሩ ማድረግ አልቻልኩም፣ ፊደሉ ተደባለቀብኝ። አወረድኩት። 

አንዲት ጸሐፊ ጎንበስ ብላ መጣች። "አባት፣ እኔ ላንብብልዎት?"

ከኋላዬ አንድ ሰው ጎኑ ላለው እንዲህ አለ፣ "ማንበብ አይችል ይሆናል።"

ሰማሁት። ጆሮዬም ደህና ነው።

ድጋፉን ፈታሁት። ማጣበቂያው ሲላቀቅ ጨርቅ የተቀደደ ያህል ጮኸ፣ ማይክሮፎኑ ደግሞ አጎላው። የውሃው ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጎንበስ አልኩ፣ ጣቴን ከሥሩ አደረግሁ፣ አነበብኩ። እስከ መጨረሻው። "ማኅበረሰብ"ንም አልሳትኩም። ቀና ስል ወረቀቱን የሰማ የለም። ሁሉም አንገቴን ነው የሚያዩት።

ጥግ ላይ ያለው አባል ማይክሮፎኑን ሳብ አደረገ። "ሚስተር ኦቪድ ጊድሪ፣ አንገትዎ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተወለድኩ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስለ መጠጥ ቤቴ ጠይቁኝ አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ድምፅ ሰጡ፣ በጥቂት ሰው ተበለጥን።

ሚስ ጆርጀት ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች። "ዝም ብለው ይታዩ ብዬ ነበር" አለች። አልተቆጣችም፣ ያ ነው የከበደኝ።

ስንመለስ ላይል ይነዳል። አገዳው መንገድ ላይ ስንደርስ ቀነስ አደረገ። ምንም አልገባብንም።

ለእውነት ብዬ ነው ያወለቅሁት? አይደለም። አያነብም ሲሉኝ ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ሐሙስ፣ ሜይ 1

ላይል አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

የጠበቃው ቢሮ ደወለ። ጉዳይዎን ትተናል። የላይልንም። ቪዲዮውን ሰው ሁሉ አይቶታል።

በረዶ ቤት ስልክ መታሁ። የክሱ ነገር ቀርቷል፣ ሎክን መልሱት አልኩ። ኃላፊው ጨዋ ነው። "ቀረም አልቀረም ተጠግቶ ነድቷል። ከፊቱ የነበረው ሰው ውሻ አይቶ ፍሬን ያዘ፣ ሎክ በጊዜው መቆም አልቻለም። ጥፋቱ የሱ ነው።"

ውሻው። ሁሉም ውሻው ላይ ነው የቆመው። ስለ ውሻው ሳልናገር ስልኩን ዘጋሁ። ብናገር ላይልን ማሳሰሬ ነው? የወንድሜ ልጅ ነው። ሚስቴ ስትሞት ሬሳዋን የተሸከመ ነው። መጀመሪያ ከሱ አፍ ይውጣ አልኩ። ጠበቅኩት።

ረቡዕ፣ ሜይ 21

ሙሉው ምክር ቤት። ቲቪው ላይ እኔና ቨርሊ አየን። ስለ ቁማር ማሽን ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። አንዱ ስለ ድሃ ቤተሰብ አለቀሰ፣ ኋላ ቨርሊ እንደነገረችኝ የጭነት መኪና ማደያ ያለው ሰው ነው። አለፈ። ከኦገስት ጀምሮ ማሽኖቹ ይወጣሉ። የመኪናውም ሕግ አለፈ፣ እሱም ከኦገስት ወዲህ ለሚሠራ ጥፋት ነው።

"አሁን ምን ላደርግ ነው?" አለች ቨርሊ። ለኔ ይሁን ለማሽኑ አላወቅሁም።

እሑድ፣ ጁን 1

ዝናብ። ላይል ዛሬም የለም። ባልዲዎቹን አሰብኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 7

ኦገስትን አልጠብቅም። ማንም መጥቶ ከቤቴ አይነቅልም። ጠዋት የሦስቱንም ገመድ ራሴ ነቀልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያንን ጩኸት ለካ ለምጄው ነበር። ቨርሊ ገብታ የጠፋውን ስክሪን ስታይ ቆየች፣ ከዚያ ባንኮኒው ጋ ተቀመጠች። የድሮውን ካርታ አወጣሁ። አንዴ በላኋት። የማይጻፍ ስድብ ሰደበችኝ፣ ሳቀች። ስታሸንፍም ስትሸነፍም እንዲህ ስትስቅ አይቼ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ላይል መጣ። በር ላይ ቆመ።

"አጎቴ፣ ሰው አስቀህብኛል። አዋርደኸኛልም።"

"አውቃለሁ።"

"ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቃል አላወጣህም። ለፖሊስ፣ ለበረዶ ቤቱ። ለምን?"

"ያንተ ውሻ ነው። አንተ ነህ የምታውቀው።"

ቁጭ አለ። ቢራ ቀዳሁለት፣ አልነካውም። ቨርሊ ካርታዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ሳይነግሯት ይገባታል። ላይል ቢራውን ገፋ አደረገ።

"ውሻ አልነበረም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"መጀመሪያውኑ ታውቅ ነበር?"

"ዓይኔ ደህና ነው።"

ማክሰኞ በረዶ ቤት እንሄዳለን አለ፣ እሱ ይናገራል። ፊቱን ሳየው የሚመጣ ይመስለኛል። የማይመጣም ይመስለኛል።

ሳልሞት ራሴ የምከፍላቸው ዕዳዎች፣ ለሰው የማላስተላልፋቸው እነዚህ ናቸው።

ጠበቃው፦ የአንገት ድጋፉ ይመለስለታል። ታጥቧል።

ሚስ ጆርጀት፦ ምሳ። ገምቦ ሾርባ፣ እኔ ራሴ የሠራሁት። ይቅርታ መጠየቅ አልችልበትም፣ ሾርባ እችላለሁ።

ቨርሊ፦ ከሰዓት በኋላ ካርታ፣ እስካለሁ ድረስ። ስትሸነፍ የምታየው ፊት የኔ ይሁን።

ላይል፦ ጣሪያው። ከመጋዘኑ ጀርባ የኤልሚር አባት ያስቀመጠው ቆርቆሮ አለ። መሰላሉን እሱ ይይዛል፣ እኔ እወጣለሁ። እንቢ ካለ እንጣላለን፣ ከዚያ እወጣለሁ።

ሎክ፦ መጀመሪያ እሱ ቤት፣ ከዚያ አለቃው ፊት። ውሻ እንዳልነበረ አይቼ ዝም አልኩ እለዋለሁ፣ በአፌ፣ ያለ ወረቀት። ላይል ማክሰኞ ጠዋት በፒካፑ ይመጣል። ካልመጣ በእግሬ ነው። አገዳው አሁን ደረቴ ደርሷል፣ መንገዱ ጥላ አለው።