ድስት ባለመለየቱ ስለታሰረው መሣሪያ

ቀን፦ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

በየካ ክፍለ ከተማ ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

አመልካች፦ አያንቱ ሊሊሳ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ጉዳዩ፦ በሰፈራችን እድር መጋዘን የተቆለፈበት የሳይንስ መሣሪያዬ ለዓርቡ ውድድር እንዲለቀቅልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች ከመምህሬ ጋር ስምንት ወር ለፍተን፣ ከእንጦጦ በሚወርዱ ምንጮች ውስጥ የሟሙ ብረታ ብረቶችን የሚለይ መሣሪያ ሠርተናል። ዋናው አካሉ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ነው። ውሃው ገብቶ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት የየብረቱ አዮኖች ይሮጣሉ፤ ጫፍ ላይ ያለው ጠቋሚ ማን መቼ እንደደረሰ ይመዘግባል። ፖታሲየም ይቀድማል፣ ሶዲየም ይከተላል። ሊቲየም ግን ትንሽ ሆኖ ሳለ ውሃ ስለሚከብበው፣ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ገላው በሰላምታ ተከበው ለስብሰባ እንደሚያረፍዱት ሁሉ ያረፍዳል።

2. ባለፈው ወር ሁለት እድሮች አንድ ለቅሶ ላይ ሲያገለግሉ ድስቶቻቸው ተቀላቀሉ። ጋሽ ገላው መሣሪያዬ ብረት እንደሚለይ ሰምተው፣ "እንግዲያውስ የኛን ከነሱ ይለይልን" አሉኝ። ድስት ቱቦው ውስጥ እንደማይገባ በትሕትና ባስረዳም፣ "ውሃ አፍዪበትና ውሃውን ጠይቂው" አሉ። እውነት ለመናገር ሐሳቡ አስቀናኝ።

3. መሣሪያውን እድሩ መጋዘን ድረስ ወስጄ ጠየቅሁት። የአሥራ አራቱም ድስቶች ውሃ አንድ ዓይነት ውጤት ሰጠ፤ ለካ ሁሉም የተገዙት ከአንድ ሱቅ ነው። ጋሽ ገላው የውጤቱን ወረቀት ገልብጠው ጭምር ካዩ በኋላ "ይሄ ማሽን የነሱ ወገን ነው" ብለው፣ እውነቱን እስኪናገር ድረስ ከድንኳኑና ከወንበሮቹ ጋር ቆለፉበት።

4. አባቴ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ምሳ ተጋብዘው፣ የጠፉባቸውን ጭልፋዎች መሣሪያው እንዲፈልግላቸው አስመዝግበው ተመለሱ።

5. ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከደረቀ ጨው ይደፍነዋል፤ ሌላ ቱቦ ደግሞ የለንም። የስምንት ወር ልፋቴ ዓርብ ሳይደርስ እዚያ መጋዘን ውስጥ እየደረቀ ነው። እዚህ ላይ አልቀለድኩም።

ስለዚህ መሣሪያው እንዲለቀቅልኝ ለእድሩ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጋሽ ገላውም "ከመንግሥት ቤት ወረቀት ካመጣሽ ዛሬውኑ ውሰጂ" ብለዋል። ደብዳቤው አጭር ቢሆን ግድ የለም። ማህተሙ ግን ክብ ይሁን፣ ደመቅ ተደርጎም ይመታ፤ ጋሽ ገላው ማንበብ የሚጀምሩት ከእሱ ነው፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ይጨርሳሉ።

ከብዙ አክብሮት፣ ከትንሽ ጥድፊያና ከሰላምታ ጋር

አያንቱ ሊሊሳ
(ፊርማ)