እማዬ የቆጠረቻቸው መስመሮች

ይድረስ ጀርመን ሒሳብ ለምታጠኚው እታለም እየሩስ። ሰቆጣ ያለነው ሁላችን ደኅና ነን፤ ያንቺንም ደኅንነት መድኃኔዓለም ያሰማን። ከባድ ዜና ስላለኝ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ሰፈሩ ሁሉ የመብራት ሠራተኛ አድርጎሻል።

ጎረቤታችን ጋሽ ገበያው ሥራሽን ቢጠይቁኝ "መስመር ትቆጥራለች" አልኳቸው። "እንግዲያው የተቋረጠውን የመብራት መስመራችንን መቼ ትቀጥልልናለች?" አሉ። "ለፋሲካ" ብዬ አረፍኩት።

የጻፍሽልኝ ነገር ግን እስካሁን ይደንቀኛል። የምታጠኚው ጎባጣ ገጽ ሲለዋወጥ በላዩ ያሉት ቀጥ ያሉ መስመሮች አንዴ ሃያ ሰባት፣ አንዴ ሰባት ይሆናሉ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ሰጥተሽ ስትደምሪያቸው ግን ሁሌም ሦስት ይወጣል። ይህ ጭንቅላት ሲታደል እኔ የት ሄጄ ነበር?

ባለ ሰባቱን በከሰል ሥዬ ለእማዬ አሳየኋት። ወረቀቱን ይዛ ፀሐይ ላይ ወጣች፤ ዓይኗ ሥር አስጠግታ፣ በጣቷ ዳብሳ "ሦስት ናቸው" አለች። ያለ ምልክት ደረሰችበት፤ ለፕሮፌሰርሽ ንገሪያቸው። ትናንት ደግሞ ፊቷ ዝም ብዬ ብቆም "ማነህ አንተ?" አለችኝ። ቀልድ ከኔ ተምራለች።

ስትመጪ ብቻ ገና ከደጅ ድምፅሽን አሰሚያት። ከባድ ዜና ያልኩሽ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ተራ ነገር ነው።

ሰላምታዬ እንደ ሐምሌ ሣር ይብዛልሽ።

ወንድምሽ ዝናቡ