እጇን ይዞ የሚጎትታት ሰውዬ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ፀጉር ቤቱም ደንበኛ አጥቶ አያውቅም።

እህታችን ካገባች ወዲህም ሰኞ ሰኞ፣ ሥራ በማልገባበት ቀን፣ እየመጣች የኮሪያ ድራማ አብረን እናያለን። የዘንድሮውን ግን አልወደድኩትም። ሀብታሙ ሰውዬ በተናደደ ቁጥር ልጅቷን እጇን ይዞ ይጎትታታል፤ ከዚያ ሙዚቃ ይለቁለትና ፍቅር ነው ይሉናል። ጃንጥላ የሚይዝላት ደጉ ሐኪም ደግሞ ሁልጊዜ ብቻውን ይቀራል። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

«ስለሚወዳት እኮ ነው» አለችኝ እህታችን። በዚያ ሙቀት የሹራቧን እጅጌ እስከ መዳፏ አውርዳዋለች። ፀጉርሽን ልጠብሽ ብላትም «ራሴን አትንኪኝ፣ ያመኛል» ብላ እምቢ አለች።

«አንቺ ብትሆኚ አትተዪውም?» አልኳት።

«ክፍል አስር ላይ ይለወጣል» አለች፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

ትናንት ክፍል አስራ አራትን አየን፤ ሰውዬው አሁንም ይጎትታታል። መሀል ላይ የባሏ መኪና ደጅ ላይ ጥሩንባ ሲነፋ፣ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ሮጣ ወጣች። እኔ በሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

የዓመት ፈቃድህ መቼ ነው? እሷ አንተን ትሰማለች። ስትደውልላት ግን ይሄን ሁሉ አታንሳ፤ ስልኳን የሚያነሳው እሱ ነው።

በደህና ያገናኘን።

እህትህ